ሙና ከኋላ ስትቆም

የዘይት ቀለም ሽታ አልወድም፤ ራሴን ያመኛል። ገና ሊደርስ ሰሞን በሜዳው በር በኩል ሳልፍ ያ ሽታ ተቀበለኝ። ቀና ብል ግንቡን ነጭ ቀብተውት አንድ ጢማም ሠዓሊ መሰላል ላይ ቆሞ ስም ይጽፋል። «ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት። «የከተማችን ስፖርተኞች ናቸው አባባ፤ ለገና ይመረቃል» አለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ጢም ካወጣሁ በኋላ፤ ስለዚህ ማንበብ ለኔ ድንጋይ እንደ መልቀም ነው፣ አንድ በአንድ። ቆሜ ለቀምኩት። ሯጩ አለ። ብስክሌተኛው አለ። ሁለት ግብ አግቢዎች አሉ። አንድ ክረምት ብቻ ተሰልፎ በሁለተኛው ወፍሮ የቀረ በረኛ እንኳ አለ። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አየሁት። ሙና የለችም።

ሙና ማን ናት ለሚል ሰው ነው ይህን የምጽፈው። ለሚያውቃትና ዝም ላለው ሰውም ነው። ሙና ከዚህ ሜዳ ተነሥታ፣ ሆኪ በሚሉት ጨዋታ ለኬንያ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ከአሥር ዓመት በላይ ከኋላ የቆመች ተከላካይ ናት። ሆኪ ምንድን ነው ካላችሁ የኛው ገና ነው። መስመር አስምረውለት፣ ፊሽካ ጨምረውለት፣ ሣር አልብሰውት ነው እንጂ ያው ቆልማማ ዱላ ነው፣ ያው ሩር ነው። ሩር የምንለው የእንጨት ኳሱን ነው፤ ከተማ ያደገ ላያውቀው ይችላል። ፈረንጅ የፈጠረው የሚመስለው ካለ ይቅርታ ያድርግልኝና አያቱን ይጠይቅ።

ያን ጊዜ ከተማችን አሰበ ተፈሪ ነበር የምትባለው። ዛሬ ጭሮ ናት፤ በየትኛውም ስም ጥራት፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ መናኸሪያውን እንደ ጋቢ ያለብሰዋል። ሻይ በስሙኒ ነበር፣ ያውም ብርጭቆው እስከ አፉ። ዛሬ በዚያ ዋጋ ሽታውንም አይሸጡልህም። ከጫት ተራው ማዕዘን ላይ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያዘፍን ይውላል፣ ካሴቱ ሲጎተትበት ደግሞ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ለዘፋኙ ይራገማል። ጎረምሳው ሁሉ ሱሪው ከታች ሰፊ፣ ፀጉሩ ጎፈሬ፤ ከድሬዳዋ በኩል የመጣ ሸራ ጫማ ያደረገ ደግሞ እግሩን እያየ ነበር የሚሄደው። የቀረነው በረባሶ ነው፣ ልጆቹ ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ በፀሐይ እግር ያቃጥላል፣ በዝናብ ያንሸራትታል፣ ግን አያልቅም። የዛሬው ጫማ ባርኔጣ የሚያህል ሳጥን ውስጥ ይመጣና ለፋሲካ ተገዝቶ ለሰኔ አይደርስም። ይሁን፣ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው።

እኔ የመጥረቢያና የዶማ እጀታ ጠራቢ ነበርኩ። ኅዳር ሲገባ ዶማውን ትቼ የገና ዱላ እጠርባለሁ። ወይራ ብቻ ነው የምጠርበው፣ እሱንም ከሥሩ በኩል ራሱ ጎብጦ ያደገውን። በእሳት አሙቆ የሚያጎብጥ ነበረ፤ እንደዚያ ያለ ዱላ በሦስተኛው ምት ይቀናል። ከቦኬ በኩል እንጨት የሚያመጡልኝ ገበሬዎች ያውቁኝ ስለነበር ቀጥ ያለውን አያሳዩኝም። ከጎኔ ጫት የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ ሃደ ሙና እንላታለን፤ በኦሮምኛ የሙና እናት ማለት ነው። አፏ ስለት ነበር። ገዢ ጫቱን ገልጦ ገልጦ ሳይገዛ ሲሄድ «አቦ፣ ልትገዛ ነው ወይስ ልትድራት?» ትለዋለች። ሙና ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ ፍቅፋቂዬ ላይ ትቀመጣለች፤ የጫት መጠቅለያ ቅጠሉን ጠቅልላ ኳስ ታደርግና የተበላሸ ዱላ አንሥታ ከግድግዳው ጋር ትጫወታለች። ግድግዳው የመለሰላትን አንድም አታሳልፍም። እኔ እጠርባለሁ፣ እሷ ታስቆማለች። እንዲህ ሁለት ዓመት ሄድን።

ገና ደረሰ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር እንደ ልማዱ ሜዳ ወረዱ። የታች ሰፈር አለቃ እኔ ነኝ። ከኋላ የሚቆምልን ልጅ ስለት አለብኝ ብሎ አሰቦት ገዳም ሄዶ በዚያው ቀረ። አንድ ሰው ጎደለን። ላይ ሰፈሮች ይስቃሉ። ይህን ጊዜ ሙና ከሕዝቡ መሐል ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ ልቁም።»

«የት?»

«ከኋላ።»

«አንቺ እኮ ሴት ነሽ።»

«ሩሩ ያውቃል እንዴ?»

«ግቢ» አልኳት።

ገና ላይ ዱላ ብቻ አይደለም፣ ግጥምም አለ። በዚያ ቀን ማንም ማንንም ቢሰድብ፣ ሹምም ይሁን ባለጸጋ፣ ሰምቶ ከመዋጥ ሌላ መንገድ የለውም፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነው። ላይ ሰፈሮች ሻሿን ሲያዩ ጊዜ አልሰጡንም፦

የታች ሰፈር ጎበዝ አለቀ ወይ ዘሩ፣
በሻሽ ነው አሉኝ የታጠረው ድንበሩ።

ደጀኔ የሚባል ልጅ ነበራቸው። አሥራ ስምንት ቢሆነው ነው፤ ባለ ሸራ ጫማ፣ እንደ ሚዳቋ የሚፈተለክ። ሩሩን ይዞ መጣ፣ ሁለት ሰው ጣለና እሷ ጋ ደረሰ። ሌላው ልጅ ሁሉ እግሩን ያይ ነበር፣ ጫማው አዲስ ነው። ሙና እግሩንም ፊቱንም አላየችም። ሩሩን ብቻ አየች። ዝቅ አለች፣ ዱላዋን መሬት ላይ አስተኛችና ቀማችው። በሁለተኛው በግራዋ ዞረ፤ በዱላው ጀርባ ቀማችው። በሦስተኛው ተናዶ በላይዋ ሊያልፍ መጣ። ሩሩም ቀረ፣ ቅልጥሙም ተመታ፤ እያነከሰ ተመለሰ። የታች ሰፈር ሰው ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ፦

የላይ ሰፈር ጀግና ምን ነካው እግሩን፣
ሻሽ ያሰረች ልጅ ነጠቀችው ሩሩን።

በዚህ መሐል ሃደ ሙና ጫቷን ለሰው ጥላ እየሮጠች ደረሰች። አንድ ሰው «ልጅሽን ሊገድሏት ነው» ብሎ ነግሯታል።

«አቦ ወልዴ! ልጄን ዱላ አስያዝካት?»

«ራሷ ናት የያዘችው። ከቻልሽ አስጥያት።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ልትገባ ስትል ደጀኔ ለአራተኛ ጊዜ መጣ። ሙና ለአራተኛ ጊዜ ቀማችው። እናቷ ቆመች። አፏን ከፍታ አየችኝ፣ ከዚያ ልጇን አየች፤ ከዚያ በኋላ እኔንም የገዛ ጫቷንም ረስታ «ጀባዱ! ጀባዱ ኢንተላ ኮ!» እያለች ከመስመሩ ጋር ስትሮጥ ዋለች፤ በርቺ ልጄ ማለቷ ነው። አንድ ለባዶ አሸነፍን። ያገባው ማን እንደሆነ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። የከለከለችውን ግን ሁሉም ያስታውሳል፣ ደጀኔ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ።

አሁን የማልወደውን ልናገር ነው፤ ሳልናገረው ብዘለው ግን ይህ ሁሉ ወሬ ውሸት ይሆንብኛል። በዓመቱ የቦርደዴ ልጆች ኑና ግጠሙን አሉ። አይሱዙ ተከራየን። ሊነጋጋ ሲል ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ መጡ። «ወልዴ፣ ሴት ልጅ ከጎረምሳ ጋር መኪና ላይ ተጭና ቦርደዴ ድረስ? ያገሩ ሰው ምን ይለናል?» አሉኝ። ሃደ ሙና ሰምታ መጣችና «ወላሂ፣ የወለድኳት እኔ፣ የፈቀድኩ እኔ! እናንተ ምን አገባችሁ?» አለች። ሽማግሌዎቹ እሷን አላዩዋትም፣ እኔን ነው የሚያዩት። እኔ ወልዴ፣ እልኸኛው፣ ከቀበሌ ሊቀ መንበር ጋር ለአንድ አጥር ስድስት ወር የተሟገትኩት ሰውዬ፣ ዝም አልኩ። አትሄድም አላልኩም፤ ትሄዳለችም አላልኩም። መኪናው ሲነሣ ሙና ጫት ተራው ማዕዘን ላይ ዱላዋን ይዛ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ከመኪናው ላይ ሆኜ አየኋት፣ አየችኝ፤ ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ። ቦርደዴ ፀሐዩ ምድጃ ነው፣ ሜዳው እሾህ ነው፤ አራት ለባዶ ገረፉን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ።

ክረምት ሳይገባ ናይሮቢ የምትኖር አክስቷ መጣችና ወሰደቻት። ሊያስተምሯት ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ሴቶቹ ሆኪ ይጫወታሉ፤ ሙና አጥሩ ላይ ቆማ አይታ «ይሄንን እኔ አውቀዋለሁ» ብላ ገባች። ይህን በደብዳቤ ጻፈችልኝ። እኔም የበደሌን ካሳ ብዬ፣ የምችለውን ቆንጆ ዱላ ጠረብኩላት። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ቅቤ አጠጣሁት፣ ጭስ ላይ ሰቀልኩት፣ እንደ ቀይ ዳማ ፈረስ አበራ። ለመንገደኛ ሰጥቼ ላክሁ። ሙና ይዛው ሜዳ ስትገባ ዳኛዋ ተቀብላ ከኪሷ ቀለበት የሚመስል ብረት አወጣች አሉ፤ እዚያ አገር የሆኪ ዱላ በቀለበት ካላለፈ አይጫወቱበትም። የኔ ዱላ ጭንቅላቱ እንኳ አልገባ አለ! ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ይባስ ብሎ የነሱ ዱላ አንድ ጎኑ ዝርግ፣ ሌላው ጎኑ ድቡልቡል ነው፤ በዝርጉ ብቻ ነው የሚመታው። እኛ በሁለቱም ነው የምንመታው፣ ጎን ምን ጎን አለው? ሙናም መጀመሪያ ሰሞን በጀርባው ትመታና ፊሽካ ይነፋባታል፣ ትመታና ይነፋባታል። «ጋሼ፣ ያስተማርከኝ ግማሹ ወንጀል ነው» ብላ ጻፈችልኝ።

ግን ግማሹን አልጣለችውም፤ ይህን ነው ሰው ያልገባው። ተከላካይን በግራው ማለፍ ይቀላል፣ የነሱ ዱላ ለግራ አይመችም። ሙና ግን ግራዋን ጫት ተራ ነው የተማረችው። በጀርባው መምታት ሲከለክሏት አንጓዋን ገልብጣ ዝርጉን ወደ ግራ አዞረችና፣ ያችኑ ደጀኔን የቀማችበትን ነገር በሕጋቸው ታደርገው ጀመር። አጥቂዎቹ በግራ ነፃ መንገድ አለ ብለው ይመጣሉ፣ መንገዱ ይዘጋል። ለትምህርት ቤቷ፣ ከዚያ ለክለብ፣ ከዚያ ለአገሪቱ ቡድን። ጉልበቷ እስኪሰበር ድረስ አላወጧትም። አንድ ጥርስ እዚያ ሣር ላይ ጥላለች። ፎቶዋን ልካልኝ ነበር፦ ከአጭሩ ልብስ ሥር ረጅም ጥቁር ሱሪ፣ ሻሹ ያው ነው፣ ፊቷ የእናቷን ጫት ሳይገዛ የሚሄድ ሰው ያየ ይመስላል። ሃደ ሙና ፎቶዋን ከጫቱ በላይ እንደሰቀለችው ሞተች፤ አላህ ይማራት። ሙና ዛሬ እዚያው ሴት ልጆች ታሠለጥናለች። በየገናው ትደውላለች። እንኳን አደረሰህ እንኳ ሳትል «ማን አሸነፈ?» ነው የምትለው።

እንግዲህ ግንቡ። የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ደጀኔ! ሆድ አውጥቷል፣ ኮት ለብሷል፣ ሸበቶ ጀምሮታል። ሻይ ቤት አገኘሁት። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፣ ጨዋ ነው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ሙና የት አለች?»

ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «እሷ እኮ ለኛ አልተጫወተችም፤ ለሰው አገር ነው። ደግሞ ሆኪ እዚህ የለም። በምን ስፖርት ልንጽፋት ነው? ማስረጃም የለንም።»

«ማስረጃው ቅልጥምህ ላይ አለ፤ ሱሪህን ሰብስበው።»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ጋሼ፣ እድሜዎን አከብራለሁ፤ ግን ኮሚቴው ወስኗል» አለ። ኮሚቴው ወስኗል! ያን ጊዜም ሽማግሌዎቹ ወስነው ነበር። ወጥቼ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ። ሰው በዕድሜው አንድ ዝምታ ይበቃዋል፤ ሁለተኛውን መቃብር ይሰጠዋል።

ገና ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ እንግዶቹ ተቀመጡ፣ ደጀኔ ማይክራፎኑን ይዟል። ሕዝቡ ሜዳውን ከቧል፤ ሴት ልጆቹ እንደ ሁልጊዜው አጥሩ ላይ ናቸው። ትልቅ ሰው ነህ ተብዬ ሩሩን የምወረውረው እኔ ነኝ። ሩሩን ይዤ ወደ መሐል መሄዱን ትቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። «ልጆች፣ ድምፅ አላችሁ?» አልኳቸው። አንዷ፣ ቀጫጫ ናት፣ «አባባ፣ ድምፅ እንጂ ሌላ ምን ተዉልን?» አለችኝ። ወደድኳት። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁትን ነገርኳቸው። ሁለት ስንኝ ነው። መጀመሪያ አፍረው ተሳሳቁ፣ ቀጥሎ ቀጫጫዋ አነሣችው፣ ቀጥሎ ሁሉም፦

ግንቡ ሰፊ ነበር፣ ቀለሙም ያዳርሳል፣
የደጀኔ ብሩሽ ሙና ጋ ያነክሳል።

ታች ሰፈር ተቀበለ። ከዚያ፣ የማይታመነው፣ ላይ ሰፈርም ተቀበለ፤ ጥሩ ስድብ ከሆነ የማን ሰፈር እንደሆነ አይጠየቅም። ቅልጥሙን የሚያስታውሱ ትልልቆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ የማያውቁት «ሙና ማን ናት? ለምን ያነክሳል?» እያሉ ይጠይቃሉ፣ የሚያውቀው ይነግራቸዋል፣ የማያውቀውም ጨምሮ ይነግራቸዋል። በአንድ ሩብ ሰዓት ሜዳው ሁሉ ሙናን አወቃት። እንግዶቹ ዞረው ደጀኔን አዩት። ፖሊስ እንኳ ቢኖር ምን ያደርጋል? ገና ነው። አይቆጡም።

ደጀኔ ማይክራፎኑን ይዞ ቆሞ ነበር። ሩሩን አልወረወርኩም፤ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ከዚያው ከቆምኩበት እንደማልነቃነቅ ያውቃል። ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ፣ ቀጥሎ እኔ ያልጠበቅሁትን አደረገ። «እሺ» አለ። ዘፈኑ ቀስ በቀስ ጠፋ። «እሺ። እናንተ አንድ ጊዜ ያነክሳል ትላላችሁ። እኔ አራት ጊዜ ሄጄባታለሁ፤ አራት ጊዜ። በዚያ ዓመት ከላይ ሰፈር እኔን የሚያቆም ሰው አልነበረም፣ ከታች ሰፈርም አልነበረም። እቤት ገብቼ አለቀስኩ። አባቴ ሴት ልጅ ቀማችህ ብሎ ሸራ ጫማዬን ለወንድሜ ሰጠብኝ። ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፣ ስሟን ስሰማ እግሬን ያመኛል።» ወደ አጥሩ ዞረ። «አላለፍኳትም። ሌላ ማንም ያለፋት አላየሁም።»

ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ሰው በሕዝብ ፊት እንዲህ ሲናገር ሳቅ ነውር ነው። ጠላቴ ነበር፣ ወዳጄ ሆነ አልልም፤ ግን ሩሩን ስወረውር ወደሱ በኩል ነበር የወረወርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ጢማሙ ሠዓሊ መሰላሉን ተከለ። እኔና ደጀኔ ሥሩ ቆመናል፣ አንነጋገርም። «ስሟን ጻፍኩ። ከታች ምን ልበል?» አለ ሠዓሊው። «ሌሎቹ ለማን እንደተጫወቱ ተጽፏል። የሷን አገር ማን ልበል?» ደጀኔን አየሁት። ይህ ነው የተጣላንበት። ደጀኔ እጁን ኮቱ ኪስ ከቶ ብዙ አሰበ። «ሙና፣ ከታች ሰፈር፣ ተከላካይ በል» አለ። «አገሩን ተወው። ሰፈሩ ይበቃል።»

ማታ ደወለች። ማን አሸነፈ ሳትል ነገርኳት፣ ከቀለሙ ሽታ ጀምሬ እስከ መሰላሉ። ሳቀች፣ የእናቷ ሳቅ ነው። ስትጨርስ፣ ሠላሳ ዓመት ያላልኩትን አልኩ፦ «ያን ጊዜ፣ መኪናው ሲነሣ፣ ወይ መውረድ ወይ አንቺን መጫን ይገባኝ ነበር። ዝም አልኩ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች። ይቅር ብያለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ከዚያ «ግጥሙን ማን ዘፈነው?» አለችኝ።

«ሴቶቹ። አጥሩ ላይ ያሉት።»

«ዘንድሮም አጥሩ ላይ?»

«አጥሩ ላይ ናቸው» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔን ግንብ ላይ ጽፋችሁ እነሱን አጥር ላይ ካስቀራችሁ፣ ግንቡን ለማስታወቂያ አከራዩት» ብላ ዘጋችው።

ስለዚህ ጉዳዩ አላለቀም። ቀጫጫዋን ፈልጌ አገኘኋት፤ ጓደኞቿን ጠራች። ሰባት ሆኑ። ስማቸውን በገዛ እጄ፣ በዚሁ በምታዩት ጎባጣ ጽሕፈቴ፣ ወረቀት ላይ አስፍሬ ትናንት ለደጀኔ ወስጄ ሰጠሁት። «ለከርሞ ሜዳ የሚገቡ ናቸው» አልኩት። አነበበ፣ አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው። ሽማግሌዎች ሊከለክሉኝ ደጄ ይመጣሉ ብሏል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይምጡ። ያን ጊዜ የመጡት ሦስቱም ሞተዋል፣ የዛሬዎቹ ከኔ በእድሜ ያንሳሉ፤ እኔ ነኝ ሽማግሌው። ቤቴ ከድሮው ጫት ተራ ጀርባ ነው፣ በሩ አይዘጋም፣ እኔም ዝም አልልም።